ለባለ ስምንት ቢት ኮምፒውተሮች ክፍት የሃርድ ዲስክ ካርድ፦ የድጋፍ ጥሪ

ባለ ስምንት ቢት የቤት ኮምፒውተር ያላችሁ፣ ድሮ የነበራችሁ፣ ወይም እነዚህ ማሽኖች መስታወት ውስጥ ከሚደረደሩ ይልቅ እየሠሩ ቢቆዩ የምትመርጡ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ለእነዚህ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስክ የሚያስገጥም፣ ንድፉም ሶፍትዌሩም ለማንም ክፍት የሆነ ካርድ በጋራ እየሠራን ነው። የመጀመሪያው ናሙና ከዲስክ ያነባል፣ ወደ ዲስክም ይጽፋል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ ግን በጥቂት ሰዎች ኪስ የሚዘለቅ ስላልሆነ እንድታግዙን እንጠይቃለን።

ማሽኖቹ እንደሚታሰበው ደካሞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል 2፣ በ1981 የወጣው ቢቢሲ ማይክሮ፣ በ1982 የወጡት ኮሞዶር 64 እና ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ የኃይል አቅርቦታቸው ከተስተካከለና ያረጁ ካፓሲተሮቻቸው ከተቀየሩ ብዙዎቹ ዛሬም ይነሳሉ። እያለቀ ያለው የሚያነቡት ነገር ነው። የፍሎፒ ዲስክ መግነጢሳዊ ልባስ ከፕላስቲኩ እየለቀቀ የማንበቢያውን ራስ ይደፍናል። እርጥበት ያገኘው ዲስክ ይሻግታል፤ የካሴት ማጫወቻው የጎማ ቀበቶ ይላላል ወይም ይበጠሳል። ገና የሚሠራውም ቢሆን ትዕግሥት ይፈታተናል። የኮሞዶር 1541 ፍሎፒ በአንድ ገጽ 170 ኪሎባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ አብሮት በመጣው ፕሮግራም በሴኮንድ 400 ባይት ገደማ ብቻ ስለሚቀበል ሙሉውን ገጽ ለማንበብ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በስፔክትረም ላይ ማህደረ ትውስታውን የሚሞላ ፕሮግራም ከካሴት ለመጫን አራት ወይም አምስት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ በመጨረሻው ሴኮንድ ላይ ስህተት ከተፈጠረ ደግሞ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ሃርድ ዲስክ ለእነዚህ ማሽኖች ባዕድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሲጌት ኤስቲ-506 5 ሜጋባይት ይይዝ ነበር፤ 140 ኪሎባይት የሚይዙትን የአፕል 2 ፍሎፒዎች 35 ያህሉን በአንድ ሣጥን ሰብስቦ ማለት ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከኮምፒውተሩ ከራሱ ስለሚበልጥ ወደ አብዛኛው ቤት ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ዘመን የተረፉት ዲስኮችም ዛሬ የሚታመኑ አይደሉም፤ ራሶቻቸው ከሳህኖቹ ጋር ተጣብቀው አልሽከረከር የሚሉት ብዙ ናቸው። መፍትሔው የመጣው ቆየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ (መረጃ የሚያከማች ትንሽ ካርድ) ለኮምፒውተሩ እንደ አይዲኢ ሃርድ ዲስክ ሆኖ ይቀርባል፤ አይዲኢ ዲስክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የተለመደ ስልት ነው፤ ካርዱ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ኃይል አያባክንም፣ የድሮ ማሽኖች በሚሠሩበት በ5 ቮልትም ይሠራል።

ታዲያ ለምን በቀላሉ በሽቦ አይያያዝም? ሥራችን የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ስለሆነ ጥቂት ላብራራ።

አይዲኢ ዲስክ መረጃ የሚሰጠውም የሚቀበለውም 16 ቢት በአንድ ጊዜ ነው። በስፔክትረም ውስጥ ያለው ዜድ80 እና በሌሎቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው የ6502 ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያነሱት 8 ቢት ብቻ ነው። የዲስኩ የትዕዛዝ ሬጂስተሮች (ትዕዛዝ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ባለ 8 ቢት ስለሆኑ ሴክተር የሚባለውን የዲስክ ቁራጭ ጠርቶ «ይህን ሴክተር አምጣ» ብሎ ማዘዝ አያስቸግርም። ችግሩ ያለው መረጃው ራሱ በሚያልፍበት በአንዱ ሬጂስተር ላይ ነው። ዝም ብሎ ቢያያዝ ከ512 ባይቱ ሴክተር ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው 256ቱ ነው። ይህን ተቀብለው የዲስኩን ግማሽ ባዶ የተዉ ካርዶች ተሠርተዋል፤ ይሠራሉም። እኛ ግን አልተቀበልነውም፤ እንዲህ የተጻፈን ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፋይል መቅዳት አይቻልምና። የኮምፓክት ፍላሽ ካርዱን በ8 ቢት እንዲሠራ በትዕዛዝ መለወጥም ይቻላል። ይህኛው መንገድ ያማረ ነው፤ ሆኖም ትዕዛዙን የማይቀበሉ ካርዶች አሉ፣ አብዛኞቹ እውነተኛ ሃርድ ዲስኮችም አያውቁትም።

ስለዚህ ከመካከል ግማሹን ይዞ የሚያቆይ ቺፕ አስገብተናል። ሲነበብ ፕሮሰሰሩ የታችኛውን ባይት ከዲስኩ ይወስዳል፤ በዚያው ቅጽበት የላይኛው ባይት በቺፑ ውስጥ ይቆለፍና ቀጥሎ ይነበባል። ሲጻፍ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የላይኛው ባይት ቺፑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ የታችኛው ሲጻፍ ሁለቱ አብረው ወደ ዲስኩ ይሄዳሉ። በ6502 ማሽኖች ላይ አንድ ወጥመድ ይጨመራል። ይህ ፕሮሰሰር በኢንዴክስ፣ ማለትም ቁጥር በመደመር፣ በሚሰላ አድራሻ ላይ ከመጻፉ በፊት ያንኑ አድራሻ ማንም ሳያዘው አንድ ጊዜ ያነባል። ለተራ ማህደረ ትውስታ ይህ ምንም አያመጣም። በዲስኩ የመረጃ ሬጂስተር ላይ ግን ማንበብ ራሱ የዲስኩን ቆጣሪ ያንቀሳቅሳል፤ ሁለት ባይት ከቦታው ይንሸራተትና ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል በሙሉ ይበላሻል። ካርዳችን ይህን ያልታዘዘ ንባብ ለይቶ ወደ ዲስኩ እንዳይደርስ የሚያግድ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት አለው።

ሁሉንም በተራ ሎጂክ ቺፖች ነው የሠራነው፤ ይህን ምርጫ አጥብቄ እከላከላለሁ። በአንድ ፕሮግራም የሚደረግ ቺፕ ቢሠራ ሰሌዳው በግማሽ ባነሰ ነበር። ነገር ግን በ5 ቮልት የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ቺፖች ከገበያ እየጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ዜድ80 እንኳ ለአርባ ስምንት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ተመርቶ በ2024 አምራቹ ለመደበኛው ቺፕ አዲስ ትዕዛዝ መቀበል አቁሟል። የ74 ተከታታይ ሎጂክ ቺፖች ግን በብዙ ፋብሪካዎች ስለሚመረቱ አንዱ ቢያቆም ከሌላው ይገኛሉ፤ ቢቃጠሉም መበየጃ ይዞ መቀየር የሚችል ሰው ካርዱን ራሱ ያድነዋል።

ውጤቱ ምን ይመስላል? ዜድ80 ከአንድ ወደብ ተከታታይ ባይቶችን የሚያነብበት ኢኒር የሚባል ትዕዛዝ ለእያንዳንዱ ባይት 21 የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት ይወስዳል። በስፔክትረም 3.5 ሜጋኸርዝ ሲሰላ በሴኮንድ 166 ኪሎባይት ያህል ነው፤ 48ቱ ኪሎባይት በሙሉ ከአንድ ሴኮንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይሞላል። ያ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ጭነት ማለት ነው!

የቀረው ከባዱ ሥራ የሶፍትዌሩ ነው። ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያየው 64 ኪሎባይት ስለሆነ የዲስኩ ፕሮግራም ካርዱ ላይ ባለው ሮም (ኃይል ሲቋረጥም የማይጠፋ ቋሚ ማህደረ ትውስታ) ውስጥ መኖር አለበት፤ የተጠቃሚውን ማህደረ ትውስታ ቢሻማ ከካሴት ይጫኑ የነበሩት ፕሮግራሞች አይነሱም። በዚያ ላይ የድሮዎቹ ስርዓተ ክወናዎች (ኮምፒውተሩንና ዲስኩን የሚያስተዳድሩ ፕሮግራሞች) ለዚህ ስፋት አልታሰቡም። ሲፒ/ኤም 2.2 ለአንድ ድራይቭ ከ8 ሜጋባይት በላይ አያውቅም፣ የሚይዘውም እስከ 16 ድራይቭ ነው። የአፕል 2 ፕሮዶስ አንድን ክፍልፋይ እስከ 32 ሜጋባይት ይቀበላል። አንዱን ካርድ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ስርዓት በሚገባው መጠን ማቅረብ ብዙ ልፋትና ከሁሉም በላይ በእውነተኛ ማሽን ላይ ብዙ ሙከራ ይጠይቃል።

የምትለግሱት ገንዘብ የሚውለው ለሁለተኛው ዙር የሰሌዳ ኅትመት፣ ለቺፖችና ለሮም፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ለየት ላሉት መሰኪያዎች፣ የሰዓት ምቶችን ለሚያሳይ የሎጂክ መመርመሪያ መሣሪያ፣ እንዲሁም ናሙናዎችን ለሞካሪዎች ለመላክ ነው። ለደመወዝ የሚውል የለም፤ የምንሠራው በትርፍ ጊዜያችን ነው። የገባውና የወጣው በየዙሩ ከነደረሰኙ ይፋ ይሆናል። የተሰበሰበው ለሁሉም ካልበቃ ዋናውን ሰሌዳ አስቀድመን መሰኪያዎቹን ተራ በተራ እንጨርሳለን።

ንድፉ ክፍት እንዲሆን የጸናነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእነዚህ ማሽኖች ግሩም ካርዶች ተሠርተው ነበር። ከእነሱ መካከል አንዱን ብትከፍቱ የዋናው ቺፕ ስም በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ፣ ፕሮግራሙም እንዳይነበብ ተቆልፎ ታገኙታላችሁ። ሠሪው ሥራውን ሲተወው ካርዱን መጠገንም ሆነ ደግሞ መሥራት የሚችል ሰው አልተረፈም። የእኛ የሰሌዳ ሥዕል፣ የዕቃ ዝርዝርና የሮም ፕሮግራም ከነማብራሪያው አሁንም ለሁሉም ወጥቷል። ነገ እኛ ባንኖር ማንም ወስዶ ማሳተም ይችላል፤ ቢሸጠውም ቅር አይለንም።

ገንዘብ ለማይመቻችሁም በብርቱ የምንፈልገው ነገር አለ። የማይሠሩ ማሽኖች፣ መጠናቸው አነስተኛ የሆኑ የተለያዩ አምራቾች ኮምፓክት ፍላሽ ካርዶች፣ ገና የሚሽከረከሩ የድሮ አይዲኢ ዲስኮችና የአገልግሎት መመሪያ መጻሕፍት ሁሉ ይጠቅሙናል፤ ካርዶቹ እርስ በርስ ጠባያቸው ስለሚለያይ በብዙ ዓይነት ላይ መሞከር አለብን። የዜድ80 ወይም የ6502 አሴምብሊ (የፕሮሰሰሩ የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ) የምታውቁ ደግሞ በእውነት ትፈለጋላችሁ።

አንድ አደራ፦ ለዓመታት የተቀመጠ ማሽን አግኝታችሁ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ልሞክረው ብላችሁ አታብሩት። በተለይ የድሮው የኮሞዶር 64 ኃይል ሰጪ ሲበላሽ የ5 ቮልቱን መስመር ከፍ አድርጎ የማህደረ ትውስታ ቺፖችን ያቃጥላል። ፍሎፒዎችንም በመጻፊያ መከልከያቸው ሸፍናችሁ ላኩ፤ መጀመሪያ ይዘታቸውን ቀድተን ነው የምንጠቀምባቸው።

ስትለግሱ የትኛው ማሽን እንዳላችሁና ከእሱ ጋር የሚሠራ ፍሎፒ ወይም ካሴት ይኑራችሁ አይኑራችሁ አብራችሁ ጻፉልን። ከዋናው ሰሌዳ በኋላ የትኛውን መሰኪያ አስቀድመን እንደምንሠራ የምንወስነው በዚያ መሠረት ነው፤ ሌላ ማከማቻ የሌላቸው ማሽኖች ቅድሚያ ያገኛሉ።