ሬዚስታንሱን አሳጥሮ ብሬከሩን ለሚያሳድግልን ሰራተኛ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ፣ የምጽፈው ከድሬ ነው፣ ገንደ ቆሬ። እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። በቀደም የምጣዴ ሬዚስታንስ፣ ያ የሚግለው ሽቦ፣ ተቃጠለና ሰፈር ያለ ሰራተኛ ጠራሁ፣ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለና የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጎ ቀጠለው፣ "እንደውም አሁን ቶሎ ይግልልሻል" አለኝ፣ እውነቱን ነው ጋለ። ግን አስራ ምናምነኛው እንጀራ ላይ ብሬከሩ ጣለ፣ አነሳሁት፣ ደግሞ ጣለ። ስጠራው መፍትሄው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የ16 አምፒሩን ብሬከር ነቅሎ ባለ 32 ገጠመልኝ! ከዛ በኋላ መጣል ቀረ፣ በምትኩ ሶኬቱ ጠቆረና ቤቱ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተ።

አስረኛ ክፍል የሆነው ልጄ ነው ነገሩን ያፍታታው። የምጣዱ ጀርባ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍይው 16 አምፒር ገደማ (ምጣዱ የሚስበው መብራት ማለት ነው)፣ ቮልቱን ደግሞ ለ16 ስታካፍይው 14 ኦም ገደማ ይመጣል (ሽቦው መብራቱን የሚቋቋምበት ልክ)፣ ያ ነው የድሮው ሬዚስታንስ ልክ። ከዛ ምጣዱን ከሶኬት ነቅሎ (ይሄን አትርሱ፣ መብራት ያለበት ነገር ላይ ኦም አይለካም) በጎረቤት ቴስተር ለካው፣ 11 ሆነ። 220ን ለ11፣ 20 አምፒር። 220 በ20 ሲባዛ 4400 ዋት። አቦ እኔ እኮ ሽቦው ሲያጥር የሚበላው መብራት የሚቀንስ ነበር የሚመስለኝ!

ገመዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከቆጣሪ እስከ ማድቤት 20 ሜትር ይሆናል፣ ሄዶ መመለሻ ስላለው 40፣ ውፍረቱ ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ነው፣ እሱም የራሱ ግማሽ ኦም ገደማ አለው። ሽቦ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ ከዛ በኦሙ ነው፣ በ16 አምፒር 128 ዋት፣ በ20 ግን 200። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ 200 ዋት፣ በግንቦት፣ በድሬ ሙቀት! አምፒሩ የጨመረው በሩብ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከግማሽ በላይ። ትንሹ ብሬከር ሲጥል የነበረው ለዚህ ነው፣ እኛ ግን የሚጮህብንን ዘበኛ አባረን የማይሰማ ቀጠርን።

ሰራተኞቹንም ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ቴስተሩ 180 ያሳየናል፣ ያኔ ጤነኛው ምጣድ 180 በ180 ተባዝቶ ለ14 ሲካፈል 2300 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው፣ እንጀራው አይን አያወጣም፣ ደንበኛው "አሳጥርልኝ" ይላል። ግን ሌሊት መስመሩ ወደ 220 ሲመለስ ያጠረው ሽቦ ሙሉውን ይስባል፣ እኛ የምንጋግረው ደግሞ ያኔ ነው።

እባካችሁ ይሄን አውጡልን። ምጣድ የሚጠግን ሰው ቴስተር ይያዝ፣ ሲጨርስ ኦሙንና አምፒሩን ምጣዱ ላይ በማርከር ይጻፍ፣ ከገመዱ በላይ የሆነ ብሬከር አይግጠም። ለሞተር ላለው ነገር፣ ለፍሪጅም ለቬንትሌተርም፣ ይሄ ስሌት እንዲሁ በቀጥታ አይሰራም ብሎኛል ልጄ፣ ለምጣድ ግን ይበቃል።

እኔ አዲስ ሬዚስታንስ ገዛሁ፣ ገመዱን በባለ 4 ወፍራም አስቀየርኩ፣ ብሬከሩ 20 አምፒር ሆነ። የጠቆረውን ሶኬት አልጣልኩትም፣ ሰራተኛው በዚህ ሲያልፍ ላሳየው መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ