ለልጄ ለደረሳችሁለት ሁሉ፣ ከድሬዳዋ

ይህን የምጽፈው ልጄ ፈቅዶልኝ ነው። «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብሎኛል።

ከሁሉ በፊት የክፍል ኃላፊው መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ አይረብሽም፣ አያረፍድም፣ ከማንም አይጣላም። በተማሪ በታጨቀ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ልብ ይለዋል? እርስዎ ልብ አሉት። በእረፍት ሰዓት ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ ደብተሩ ባዶ እንደሆነ አይተው ደወሉልኝ። «ጸባዩ ሸጋ ነው፤ ግን ደህና አልመሰለኝም» አሉኝ።

እኔንም ቤት ውስጥ ያሳሰበኝ ነገር ነበር። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሲመሽ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነው የሚናፈሰው። ልጄ ግን በሩን ዘግቶ እዚያች የጋለች ክፍል ውስጥ መዋል ማደር ጀመረ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሳይጫወት የማይውል ልጅ፣ ጓደኞቹ ሲመጡ «የለም በያቸው» ይለኛል። ትንሹ ነገር ያናድደዋል። ራሱንና ሆዱን ያመዋል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋል። ይህ ሁሉ ሳምንታት አለፈው። «ጉርምስና ነው» ያለ አለ፤ «ጫት ጀምሮ ይሆናል» ያለም አለ።

የአእምሮ ጤና ነርሷ እህቴ፣ ያንቺን ውለታ በምን ልክፈል? ለብቻው አነጋገርሽው። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቅሽው። እኔ ስደነግጥ «መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ያለውን እንዲያወጣው ነው የሚረዳው» አልሽኝ። እውነትም አወጣው። ድባቴ የሚባለው የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ የሚታከም መሆኑን አስረዳሽን። ቤት ያለውን መድኃኒትና መርዝ ሁሉ እንድቆልፍበት ነገርሽኝ። የታዘዘለት ኪኒን ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ተሻለኝ ተብሎ በራስ እንደማይቋረጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኔን ከልጁ እንዳልነቅል ደጋግመሽ መከርሽኝ። የምክር ክትትሉንም አንቺው ያዝሽለት።

የንስሐ አባታችን፣ «ጸበሉንም ይጠጣ፣ ኪኒኑንም እንዳያቋርጥ» ስላሉን እግርዎን ልሳም። አንዱን ምረጡ ቢሉን ኖሮ ቤታችን ለሁለት ይከፈል ነበር። በየሶላትሽ ዱዓ ያደረግሽልኝ ጎረቤቴም፣ አላህ ይስጥሽ።

እናንተ የሰፈራችን ልጆች ደግሞ! «ምን ሆነህ ነው?» እያላችሁ አላስጨነቃችሁትም። ዝም ብላችሁ ገብታችሁ አጠገቡ ተቀመጣችሁ። እሱ ባያወራም እናንተ ስለ ጨዋታው አወራችሁ፤ በማግስቱም ተመልሳችሁ መጣችሁ።

ልጄ ዛሬም ሕክምናውን አልጨረሰም። ደህና የሚውልበት ቀን አለ፤ የሚከብደው ቀንም አለ። ስለዚህ ልጆቼ፣ እባካችሁ መምጣታችሁን አትተዉ።

አክባሪያችሁ፣ እናቱ