የምግብ ዝግጅት ክበብ የ2017 ዘገባ፦ እንቁላል የሌለበት ፓንኬክ

የክበባት ሰዓት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዓመቱን ሥራችንን የወሰነው እሱ ስለሆነ ነው። ጥቅምት ላይ ልጆቹ ተሰብስበው «ዘንድሮ ምን እንሥራ?» ሲባሉ ፒዛ ያሉም ነበሩ (ኦቭን የለንም)፣ ኬክ ያሉም ነበሩ (አሁንም ኦቭን የለንም)፣ መጨረሻ ላይ ግን አብዛኛው እጅ ለፓንኬክ፣ ለዋፍልና ለክሬፕ ወጣ። መጥበሻና የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለ ይበቃል። እኔም ቦርዱ ላይ ዱቄት፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ከኋላ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ረቡዕ እኮ ጾም ነው» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። ከአባላቱ ብዙዎቹ ይጾማሉ። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት የሆኑት እንቁላሉን ቢበሉ የሚከለክላቸው የለም፣ ግን ግማሹ እየበላ ግማሹ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ክበብ ምን ክበብ ነው? ራሳቸው ተከራክረው ወሰኑ። እስከ ፋሲካ ሁሉም የሚበላው አንድ ሊጥ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕም ስለሚፈሰክ ያኔ እንቁላልና ቅቤ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው በእንቁላል ጀምረን ቢሆን ኖሮ የተማርነውን ግማሹን አንማርም ነበር። እንቁላል የብዙ ነገር ገበና ይሸፍናል። እሱ ሲወጣ ነው ሌላው ምን ይሠራ እንደነበር የሚታየው።

መጀመሪያ ያደረግነው ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የፓንኬክ ዱቄት ካርቶን ማንበብ ነው። ባዶውን አንድ ልጅ ከቤት አመጣልን። ጀርባው ላይ የተጻፈው የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ነው። በቃ። ፉርኖ ዱቄት ቤቱ ያለ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚጎድለው ቤኪንግ ፓውደር ብቻ ነው፣ እሱም ሰፈር ሱቅ አይጠፋም። ልጆቹ የካርቶኑን ዋጋ ከዱቄት ዋጋ ጋር አስልተው ሲጨርሱ በጣም ተናደዱ። የሒሳብ መምህራችን ይህን ንዴት ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ሚዛን ያለው ቤት ብዙ ስላልሆነ መለኪያችን የውሃ ብርጭቆ ሆነ። ደንቡ አንድ ነው፦ ዱቄቱን በለካህበት ብርጭቆ ፈሳሹንም ለካ። ለጾም ፓንኬክ አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ። ደረቁን ለብቻ፣ ፈሳሹን ለብቻ፣ ከዚያ ማገናኘት። እዚህ ላይ ነው ከልጆቹ ጋር የተጣላነው። ቤት ውስጥ ሊጥ ማቡካት የለመደ እጅ ማቆም አያውቅም፤ ጓሉን ሳልጨርስ አልተውም ብሎ የሚመታ ልጅ ደግሞ ሁሌ አለ። የስንዴ ዱቄት ውሃ አግኝቶ በተመታ ቁጥር ግሉተን የሚባለው ፕሮቲኑ እየተሳሰረ ይሄዳል። ለዳቦ ይህ ጥሩ ነው፣ ለፓንኬክ ግን ጥርስ የሚያለፋ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ዱቄቱ ከረጠበ ይበቃል። ትንንሽ ጓል ቢቀር ምጣዱ ላይ ራሱ ይጠፋል።

ቤኪንግ ፓውደሩም የራሱ ጣጣ አለው። ሶዳና ደረቅ አሲድ አብረው የተፈጩበት ነገር ነው፤ ውሃ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ አብዛኛው ዓይነት ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ሁለተኛ ጊዜ ይለቃል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን አሠራር እንደወረደ ስንሞክረው ፓንኬኩ መጥበሻው ላይ ቱግ ብሎ ይነሳና ሰሃን ላይ ሲደርስ ልሙጥ ይላል። ልጆቹ ዱቄቱን ወቀሱ፣ ከዚያ ምድጃውን፣ ከዚያ እርስ በርስ። መልሱን የሰጡን የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ ያው ጋዝ እዚህ ይበልጥ ይለጠጥና ሊጡ ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል። ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩቡን ቀነስን፣ ውሃውን ትንሽ ጨመርን፣ ነገሩ ተስተካከለ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኩሽና ውስጥ ለጥፉት፣ ለኬክም ይሠራል።

እንግዲህ እንቁላሉን በምን እንተካ? እንቁላል ሊጡን ያያይዛል፣ ሲበስል ደግሞ ይጠነክራል። ወፍራሙ ፓንኬክ ያለ እሱም ይወጣል፤ ክሬፕ ግን ሊገለበጥ ሲል ለሁለት ይቀደዳል። ሙዝ ሞከርን፣ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር ሙዝ ሙዝ ይላል። መፍትሔው የመጣው ከአንዲት ተማሪ አያት ነው፦ ተልባ። የተፈጨ ተልባ ውሃ ሲያገኝ እንዴት ዝልግልግ እንደሚል ጾም የሚያውቅ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፣ አንድ እንቁላል ይተካል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቤት ያለው ተልባ አብዛኛውን ጊዜ የተቆላ ነው፣ ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። እኛ ከመርካቶ እህል በረንዳ ያልተቆላ አስገዝተን ራሳችን ፈጨነው።

የወተቱ ምትክ ደግሞ የበለጠ አስደሰተኝ። በውሃ ብቻ የተሠራ ፓንኬክ ይበስላል እንጂ አይቀላም፣ ነጣ ብሎ ይቀራል። ወተት ውስጥ ያለው ስኳርና ፕሮቲን ነው መልኩን የሚያመጣው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «የሱፍ ውሃስ?» አለ፤ ለፍትፍት እንደሚደረገው ተወቅጦ፣ ተጠልሎ፣ ነጩ ውሃ። ቅባትም ፕሮቲንም አለው። መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ዳር ዳሩ ወርቃማ እየሆነ መጣ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ጎረቤታችን የድራማ ክበብ ልምምዱን ጥሎ በራችን ላይ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ የክበባችን ፓንኬክ በሱፍና በተልባ ሆነ። የሱፐርማርኬቱን ካርቶን ያስታወሰው የለም።

መገልበጥን ማስተማር አላስፈለገኝም። ፈረንጆቹ በደቂቃ ይቆጥራሉ፣ እኛ ቤት ግን እንጀራ ሲጋገር እያየ ያላደገ ልጅ የለም፤ ዓይን ሲያወጣ ያውቃል። ፓንኬክም እንደዚያው ነው። የላይኛው ፊት ዓይን ሲያወጣና ዓይኑ ሳይደፈን ክፍት ሆኖ ሲቀር፣ ጠርዙም ሲደርቅ፣ ያኔ ይገለበጣል። አንዴ ብቻ። በመገልበጫ ከላይ መጫን ክልክል ነው፣ የታፈነውን አየር ታስወጡታላችሁ። እንጀራ የማይገለበጠው አክንባሎው ውስጥ የሚቀረው እንፋሎት ላዩን ስለሚያበስለው ነው፤ ስስ እሳት ላይ መጥበሻውን ከድነን ፓንኬክ ሞክረናል፣ ይሠራል፣ ግን ላዩ አይቀላም።

ክሬፕ ሌላ ዓለም ነው። ቤኪንግ ፓውደር የለውም፣ ሊጡ ቀጭን ነው፣ ደግሞ ማረፍ አለበት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲቀመጥ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ግሉተኑም ይለሰልሳል። አፈሳሰሱ ከእንጀራ ተቃራኒ ነው። ለእንጀራ ከዳር ጀምረን እየዞርን ወደ መሃል እንመጣለን፤ ለክሬፕ መሃል ላይ አንድ ጭልፋ አፍስሶ ወዲያው መጥበሻውን ከእሳቱ አንስቶ ማዟዟር ነው፣ ሊጡ ራሱ ሄዶ ዳር ይደርሳል። ዘይቱ በጨርቅ ይታሰሳል እንጂ አይፈስም። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበላሻል፣ እሱ የመጥበሻው ድርሻ ነው ብለን ተስማምተናል። የፈረንሳይዋ ብሪታኒ አካባቢ ሰዎች ጨው ያለበትን ዓይነት ከስንዴ ሳይሆን ባክዊት ከሚባል ጥቁር እህል፣ ከውሃና ከጨው ነው የሚሠሩት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እኛስ ጤፍ አለን አይደል!» አሉ። ባክዊትም ጤፍም ግሉተን የላቸውም። ግማሽ ጤፍ ግማሽ ፉርኖ ከተልባ ጋር አሪፍ ሆነ፤ ውስጡ ሽሮ ተቀብቶ ተጠቀለለ። ሙሉ ጤፉ ግን እጅ ላይ ተሰባበረ።

ፈረንሳዮች ፌብሩዋሪ 2፣ በእኛ ጥር 25፣ ክሬፕ የሚበሉበት በዓል አላቸው። በአንድ እጅ ሳንቲም ጨብጦ በሌላው ክሬፑን ወደ ላይ ወርውሮ የቀለበ ሰው ዓመቱን ገንዘብ አያጣም ይባላል። በዚያ ሳምንት ሁሉም የአንድ ብር ሳንቲም ይዞ መጣ። ወለሉን ያጸዱት የስምንተኛ ክፍሎች ናቸው፣ አመሰግናለሁ።

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ። ሁሉም ጾመኛ በሆነበት ክፍል ምግብ መሥራት ግፍ ስለሆነ ምድጃውን አጥፍተን አወራን። እንግሊዞች ከሁዳዴያቸው ዋዜማ ማክሰኞ ቤት ያለውን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ለመጨረስ ፓንኬክ ይጋግራሉ። ያው ቅበላ ማለት ነው፣ እኛ በዶሮና በክትፎ እናደርገዋለን፣ እነሱ በፓንኬክ። የናይኪው ቢል ባወርማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) በሚስቱ የዋፍል ማሽን ላይ ጎማ አፍስሶ የሩጫ ጫማ ሶል እንደሠራም ነግሬያቸዋለሁ፣ ማሽኑ ግን ከዚያ በኋላ ዋፍል አልሠራም። የስፖርት ክበብ ልጆች ይህን ሰምተው፣ በኋላ የዋፍል ማሽን ስናገኝ ሊዋሱን መጡ። አልሰጠናቸውም። የቤት ሥራው ቤት ውስጥ መሥራት ነበርና ሙስሊሞቹ ለኢፍጣር ጋገሩ፤ አንዷ በወተት የተሠራውንና በሱፍ የተሠራውን ጎን ለጎን አቅርባ ቤተሰቡ የሱፉን መረጠ ብላ በኩራት ነገረችን።

ከፋሲካ በኋላ እንቁላሉ መጣ። አሁን ሁሉም ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቁት በአንድ ቀን ገባቸው። ለክሬፕ አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ከሩብ ወተት፣ የቀለጠ ቅቤ። ለጋ ቅቤ እንጂ የተነጠረና ቅመም የገባበት አይሁን፣ ኮረሪማ የሚሸት ክሬፕ በጃም አይበላም (በማር ግን ይበላል፣ ክርክሩ አልተቋጨም)።

ዋፍሉ ላይ ማሽን ያስፈልጋል። አንድ ልጅ አክስቱ ከአሜሪካ ያመጡትን፣ ሳይከፈት የተቀመጠ ማሽን ይዞ መጣ። ከመሰካታችን በፊት ታችኛውን ጽሑፍ አነበብን፦ 120 ቮልት። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ሰክተነው ቢሆን ዘገባው እዚህ ያበቃ ነበር። ከአንድ ወላጅ ትራንስፎርመር ተውሰን፣ የማሽኑን ዋት እንደሚችል አረጋግጠን ጀመርን። የዋፍል ሊጥ ከፓንኬክ የሚለየው ቅባቱ ስለሚበዛ ነው፤ ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት ግማሽ ብርጭቆ ቅቤ ወይም ዘይት። የእንቁላሉ ነጭ ለብቻ ተመትቶ አረፋ ሲሆን በስተመጨረሻ በቀስታ ይቀላቀላል። እንፋሎቱ ሳይቆም ክዳኑን መክፈት አይቻልም፣ ዋፍሉ ከላይና ከታች ተገንጥሎ ይቀራል። ሲወጣ ደግሞ አንዱን ባንዱ ላይ ከደረባችሁት በራሱ እንፋሎት ይልማል፤ እኛ የተገለበጠ ወንፊት ላይ ነው የምናሳርፈው። መብራት የጠፋ ቀን የዋፍሉን ሊጥ መጥበሻ ላይ በቡታጋዝ ጋግረን በልተነዋል፣ ቅርጹ የለም እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።

ላዩ ላይ የሚፈሰውን በተመለከተ፦ ፈረንጆቹ የሚወዱት የሜፕል ሽሮፕ አንድ ሊትሩ ከ40 ሊትር ገደማ የዛፍ ፈሳሽ ተፈልቶ የሚገኝ ነው፣ ውድነቱም ከዚያ ነው። ማር በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ሎሚ ሲቀጥን ቦታውን በደንብ ይሞላል።

የወላጆች ቀን የዋለው ሰኔ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም ከገባ በኋላ ነበር። ስለዚህ ያቀረብነው የሱፍና የተልባውን ነው፤ ትሪው ለሁለተኛው ተረኛ ወላጅ አልደረሰም። ለ2018 ምዝገባው በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት እኔ ጋ ነው። የራሳችሁን ሽርጥና ብርጭቆ ይዛችሁ ኑ። ቤቱ የማይሠራበት የዋፍል ማሽን ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደስ ይለናል፣ 220 ቮልት ከሆነ ደግሞ በእጥፍ። ኦቭን ያለው ካለም አንጠላም።