የጋሼ ቶርኖ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ድምፅ ሳንሰማማ አራት ዓመት አለፈን። ጋሼ ሲያርፉ ልቅሶ አልደረስኩም። ክፍለ ሀገር ነበርኩ፤ ወሬውን የሰማሁት ከሰልስቱ በኋላ ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ነገ፣ ነገ ስል ወር ሞላ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? እፍረቱ እያደገ ሄደ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑራት።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን የያዝኩት ሥራ ነው። በየቀኑ ጋሼን ያስታውሰኛል።

አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። የሳሎኑን ሶፋ ወደ ግድግዳ ገፍቼ መሃሉን ባዶ አድርጌዋለሁ። የቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ ኮምፒውተር የፈጠረውን ዓለም የሚያሳየውን) ያደረገ ሰው እጁን ሲዘረጋ ዕቃ እንዳይመታ ብዬ ነው። የምሠራው ቶርኖ ነው። አዎ፣ ያ ብረት እያሽከረከረ በቢላ የሚቀርጸው ቶርኖ! የሙያ ሰልጣኞች እውነተኛውን ማሽን ከመንካታቸው በፊት በመነጽሩ ውስጥ ቆመው የሚለማመዱበት።

መጀመሪያ ስልክ ላይ እንደለመድኩት ሜኑና በተን ሠርቼ አየር ላይ ሰቀልኩ። ጎረቤቴ ያሉ እናት ቡና ሊጠሩኝ ሲመጡ እስቲ ይሞክሩልኝ ብዬ መነጽሩን አደረግኩላቸው። በተኑን ሊጫኑ እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው አልፎት ሄደ። «የታለ? አይነካም እኮ!» አሉኝ። ከዚያ በእጅ ከሚያዘው ኮንትሮለር የሚወጣ ጨረር ሠራሁላቸው፤ በሩቁ አነጣጥረው ቃታውን እንዲስቡ። እሱም አስቸገረ። በደንብ አነጣጥረው ይቆዩና ልክ ቃታውን ሲስቡ ጨረሩ ከበተኑ ላይ ይንሸራተታል። መሳቡ ራሱ እጅን ያናውጣል። የዘርፉ ተመራማሪዎች «የሃይዘንበርግ ውጤት» ይሉታል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ቃታው ሲሳብ ጨረሩ ያለበትን ሳይሆን ከመሳቡ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረበትን ቦታ መውሰድ ነው።

ድካሙም ሌላ ነገር ነው። እጅ ትከሻ ድረስ ተነስቶ ሲቆይ ይዝላል። «የጎሪላ ክንድ» የሚል ስም አለው። ጎረቤቴ ቡናውን ሲያቀራርቡ አየኋቸው። ሲኒው ሁሉ ከወገብ በታች፣ ክርናቸው ሳይነሳ የሚደርሱበት ቦታ ነው። በማግስቱ በተኖቹን በሙሉ ከዓይን ፊት አውርጄ ወገብ አካባቢ አደረግኳቸው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዳግላስ ኤንግልባርት የኮምፒውተር ማውስን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ ራስ ላይ የሚደረገውን ማሳያ ያቀረበውም በዚያው ዓመት ነው፤ ዕቃው ከጣሪያ ጋር በብረት ክንድ የተያያዘ ነበር። ሁለቱ እኩዮች ናቸው። ማውስ ዓለምን ሲያዳርስ መነጽሩ ለምን ወደኋላ ቀረ? ክብደቱና ዋጋው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ አንዱን ምክንያት ጠረጴዛው ላይ አየዋለሁ። ማውስ የሚሄደው በሁለት አቅጣጫ ነው፤ እጅህም ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። በአየር ላይ ግን እጅ ሦስት አቅጣጫ ይሄዳል፣ በሦስት ዓይነት ይዞራል። ስድስት ነገር በአንዴ! ደግሞ የሚደገፍበት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪው ፑፒሬቭና ባልደረቦቹ «ጎ-ጎ» የሚባል ዘዴ አቅርበው ነበር። እጅህ ቅርብ ሲሆን እንደ ራስህ እጅ ነው፤ ራቅ አድርገህ ስትዘረጋው ግን ክንድህ እየረዘመ ሄዶ የሩቁን ዕቃ ይይዛል። ሞክሬው ወደድኩት። ከቶርኖው ግን አወጣሁት። ማሽን ፊት የሚቆም ልጅ የገዛ ክንዱን ልክ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቢላውን ወደ ብረቱ የምታስጠጋው ትንሿ መሪ ትዝ ትልሃለች? ቃሊቲ ሱቃቸው ውስጥ ጋሼ በሁለት ጣት ብቻ ነበር የሚያዞሯት። ቁጥሮቿ ተፍቀው አልቀው ነበር። «አትያት፣ ስማት» ይሉን ነበር። እኔ የሠራሁት መሪ ፍጹም ነበር። ጣትህ ትንሽ ካዞረ ቢላው ትንሽ ይሄዳል። ኮንትሮለሩ እጅን ገፍቶ መመለስ ስለማይችል በየመስመሩ አንዲት ትንሽ ንዝረትና «ጠቅ» የሚል ድምፅ ጨመርኩበት። ያም ሆኖ የሆነ ነገር ጎደለኝ። ሳምንት ሙሉ ፈለግኩት።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እጄን በአየር ላይ እንደ ጋሼ ሳዞር ራሴን አገኘሁት። ወደኋላ ሲመልሷት መጀመሪያ በባዶ ትዞራለች። ብሎኑ ውስጥ ክፍተት አለ፤ መሪው ዞሮ ቢላው አይንቀሳቀስም። ጋሼ ለዚህ ነው ሁልጊዜ አብዝተው ወደኋላ መልሰው፣ እንደገና ከዚያው ወገን ወደፊት የሚመጡት። እኔ ያንን ባዶ ዙር እንደ ጉድለት ቆጥሬ አልሠራሁትም። ያንን ያልለመደ ልጅ እውነተኛው ማሽን ላይ ልኬቱን ያበላሻል። መብራት ሲመጣ እስከ ንጋት ሠራሁት።

ግን ምን ያህል ይሁን? የእጄን ትዝታ ይዤ ነው የገመትኩት። አንተ ያቺን መሪ ከልጅነትህ ጀምሮ አዙረሃታል። ልኳን የሚያውቅ ካንተ ሌላ ሰው የለም። በበረከታቸው ብዬ ነው የምለምንህ፤ መጥተህ አዙርልኝ።

ከአዳማ በፈጣን መንገዱ ና። ቃሊቲ ስትወርድ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ያዝና ደውልልኝ፤ እዚያው ወጥቼ እቀበልሃለሁ። ቅዳሜ ብትመጣ ደስ ይለኛል። መብራት ቢጠፋም እንዳንቸገር መነጽሩን አርብ ማታ ቻርጅ አድርጌ አሳድረዋለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ