ሰም ጥደሽ አትነሺ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ስልክ ላይ «እሺ እማዬ» ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ ከዘጋሽ በኋላ ከነገርኩሽ ቁጥር አንዱም አይያዝም። ስለዚህ ጻፍኩት። ወንድምሽ ከምልክልሽ ሰም ጋር ያደርስልሻል፤ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

አክስትሽ ቅዳሜ ልደታ ቤትሽ መጥታ ያየችውን ነግራኛለች። ለሳሙናና ለቅባት የምታደርጊውን የንብ ሰም በአንድ ድስት ቡታጋዝ ላይ ጥደሽ፣ ደንበኛ ደውሎልሽ በረንዳ ላይ ስታወሪ፣ ድስቱ መጨስ ጀምሮ ነበር። እሷ ናት ያጠፋችው። ለምን ነገርሽብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚያት፤ ባትነግረኝ ነበር የምቀየማት።

ሰም ጥደሽ አትነሺ። ወተት ሲሞቅ ይገነፍላል፣ ውሃም ሲፈላ ይሰማል፤ ሰም ግን ምንም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚግለው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ከ85 ሲያልፍ መልኩ ይጠቁራል፣ የማር ሽታውም ይጠፋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይጨሳል፤ ከጭሱ ቀጥሎ እሳት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ድስት በድስት አድርጊው፦ ትልቁ ድስት ውስጥ ውሃ፣ ሥሩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ፣ ከዚያ ሰሙን የያዘው ትንሹ ድስት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውሃው እስካለ ድረስ ሰሙ ከዚያ አያልፍም። ውሃው ተንኖ ካለቀ ግን ቀጥታ እሳት ላይ ከጣድሽው በምንም አይለይም። ስልኩ ይጥራ፤ መልሰሽ ትደውያለሽ።

እሳት ከተነሳ ደግሞ ውሃ እንዳትደፊበት። ውሃው የጋለው ሰም ሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ሰም እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። ጋዙን ዝጊ፣ ክዳኑን ከጎን አንሸራትተሽ ክደኚው፣ እስኪበርድ አትክፈቺው። ለድስቱ ልክ የሆነ ክዳን ሁልጊዜ አጠገብሽ ይሁን። ትኩስ ሰም እጅሽን ከነካሽ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዢው፤ የተጣበቀውን አትላጪው፣ ቆዳሽን ይዞት ይነሳል። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባበትም።

አሁን ስለ ግዢው። ባለፈው ከመርካቶ ያመጣሽውን ሰም ወንድምሽ ቆርሶ አሳይቶኛል። ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል፣ በጣት ሲያሹት ያዳልጣል። ፓራፊን፣ ያ ከነዳጅ የሚወጣው የሻማ ሰም፣ አለበት ልጄ። የንብ ሰም ቀዝቅዞ ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና ሸካራ ነው፤ በእጅ ሙቀት ሲታሽ ይለሰልሳል እንጂ ጣት ላይ ቅባት አይተውም። ሞራ የተቀላቀለበት ከሆነ አፍንጫሽ ይነግርሻል፣ በተለይ ስታሞቂው። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ ግን አትደንግጪ፣ ሻጋታ አይደለም፤ የቆየ ንጹህ ሰም የሚያወጣው ነው፣ በሞቀ ጨርቅ ሲጠረግ ይለቃል።

በዓይንና በአፍንጫ ካልረካሽ በውሃና በአልኮል ፈትኚው። ለዚህ ንጹህ መሆኑን የምታውቂው ሰም ያስፈልግሻል፤ ከነእንጀራው የተቆረጠ ማር ገዝተሽ ሰሙን ራስሽ አቅልጪ። ከሱ የአተር ፍሬ የምታህል፣ አየር ያልያዘች ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣይ። ትንሳፈፋለች። ከፋርማሲ የገዛሽውን አልኮል ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ አማስዪ፤ ቁራጯ ከላይም ከታችም ሳትሆን መሐል ላይ ስትቆም አቁሚ። ከዚያ የምትጠራጠሪውን ቁራጭ ጣይበት። ፓራፊንም ሞራም ከንብ ሰም ስለሚቀሉ የተደባለቀው ወደ ላይ ይወጣል። ከባድ ሙጫም አብሮ የጨመረ አጭበርባሪ ይህን ፈተና ሊያልፈው ይችላል፤ ለዚህ ነው ማሽተቱንና መስበሩን አትተዪ የምልሽ።

ነጋዴው የሰሙን ክብ መሐሉን ሰብሮ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ንጹሑን ከውጭ አልብሶ ውስጡን ሌላ የሚያደርግ አለ። የክቡን ሥርም ገልብጠሽ እዪ፤ ጥቁር ዝቃጭ ካለው ለቆሻሻ በኪሎ እየከፈልሽ ነው። ጧፍ ገዝቼ ላቅልጥ እንዳትዪ፤ ፓራፊን ያለበት ጧፍ ገበያ ላይ አለ። ጊዜውንም ምረጪ፦ ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው፣ ያኔ ሰሙም በብዛት ይገባል። ለቅባት ቢጫውን፣ ከአዲስ እንጀራ የወጣውን ውሰጂ። ጠቆር ያለውና ጭስ ጭስ የሚለው ከባህላዊ ቀፎ የወጣ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ሳሙና ላይ ይሆናል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ከጠጅ ቤት የሚገኘው ሰፈፍ ነው። አያትሽ አራት ኪሎ ሠፈር ጠጅ ስትጥል ማሩን ከነእንጀራው በውሃ በጥብጣ፣ የተንሳፈፈውን ሰፈፍ በእጇ እየጨመቀች በቁና ታጠራቅም ነበር። ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች እቤት ድረስ እየመጡ ይወስዱላታል። ለራሷ ያስቀረችውን በጋቢ ቁራጭ ቋጥራ፣ ፍል ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭናበት፣ ሰሙ ከጨርቁ እየወጣ ሲንሳፈፍ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር። ከአጠገቡ አትነሳም። ሰው ቢመጣ እንኳ እዚያው ሆና ነው «ግቡ» የምትለው። ከዚያ ሰም ለተሰነጠቀ ተረከዝ የምታደርገው ቅባት ሠፈሩን ሁሉ አድኗል፤ አጎትሽ አሁንም ያነሳዋል። ልኩን ግን በዓይኗ ነበር የምታውቀው። ማንም ቀለምና ወረቀት ይዞ አጠገቧ ሳይቀመጥ አረፈች፤ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል። አንቺ የምትሠሪውን ሁሉ በግራም እየጻፍሽ አስቀምጪ፣ ቀኑን፣ ከየት የገዛሽውን ሰም እንደሆነ ጭምር። በማንኪያና በስኒ አትስፈሪ።

የሰፈፉ አሠራር ይኸው የሷ ነው። አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ድስት ይሁን፤ ተራ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል፣ መዳብና ናስ ወደ አረንጓዴ ይለውጡታል። ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ሰሙ እላይ ተኝቶ እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ውሃው ከተንተከተከ በአንዴ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይፈሳል። እሳቱ ረገብ ይበል፣ አንቺም አትነሺ። ዝናብ ውሃ ካለሽ እሱን አድርጊ፤ ሰሙ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለብሽ ውሃው ማዕድን ስለበዛበት ነው፣ በአዲስ ውሃ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምረሽ እንደገና አቅልጪው። ሲያበቃ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ እስከ ነገ ተዪው። ቀስ ብሎ ሲበርድ ቆሻሻው ከሥር ይሰበሰባል፤ በቢላ ፋቂውና ድገሚው። ብዙ ከመግዛትሽ በፊት 200 ግራም ብቻ አቅልጠሽ ስንት ንጹህ እንደሚወጣው መዝኚ፣ ዋጋውን በዚያ ተከራከሪ። ሰፈፍ ሳይቀልጥ አታቆዪ፣ ትል ያፈራል። ንጹህ ሰም ግን ዓመታት ይቀመጣል።

ሳሙናው ለምን ነጭ ነጠብጣብ እንዳወጣ ጠይቀሽኝ ነበር። በርዶብሽ ነው። ሰም የገባበት ሳሙና እንደሌላው ሳሙና ለብ ባለ ሙቀት አይሠራም፤ ከ50 በታች ከወረደ ሰሙ ሳይዋሃድ ይረጋል። አረፋ እምቢ ያለሽ ደግሞ ስላበዛሽው ነው። ከዘይቱ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበቃል፣ ከ3 ካለፈ ሳሙናው ገላ ላይ ይጎተታል እንጂ አይደፍቅም። ለ1 ኪሎ ይህን ያዢ፦ ፓልም 500 ግራም፣ ኮኮናት 250፣ የወይራ ዘይት 185፣ የጉሎ ዘይት 50፣ ሰም 15። ኮስቲክ ሶዳ 140 ግራም፣ ውሃ 280 ግራም። ዘይት ከቀየርሽ ሶዳውም ይቀየራል፤ በግምት አትተኪ። የኑግ ዘይት ቶሎ ሽታው ስለሚለወጥ ለዚህ አልወደውም።

ሰሙን ከፓልሙና ከኮኮናቱ ጋር ድስት በድስት አቅልጪ፣ የወይራውንና የጉሎውን ኋላ ጨምሪ፣ 60 ዲግሪ ላይ አድርሺው። ሶዳውን ወደ ውሃ ነው የምትጨምሪው፤ ውሃ ሶዳው ላይ ከደፋሽ ፈንድቶ ፊትሽ ላይ ይረጫል። መነጽርና ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። እዚህ ላይ አሉሚኒየም የሚባል አይነካም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ቆዳሽን ከነካ ሎሚ አትቀቢ፣ በሚወርድ ውሃ 20 ደቂቃ እጠቢ። ሶዳው ወደ 55 ሲወርድ አዋህጂ። ሰም ያለበት ቶሎ ይወፍራል፤ በእጅ ብሌንደር ጥቂት እየመታሽ ማንኪያው መስመር መተው ሲጀምር ወዲያው ፎርማ ውስጥ አፍስሺ፣ መዓዛ ፍለጋ አትሂጂ። በማግስቱ ቆርጠሽ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር ላይ አድርቂ። የጎረቤትሽ ልጅ አንቺ ቤት ገብቶ እንደሚጫወት አውቃለሁ። ሶዳው የሚቆለፍ ቦታ ይግባ፣ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አታስቀምጪ።

ቅባቱ ቀላል ነው። ለእጅና ለተረከዝ 20 ግራም ሰም ለ100 ግራም ዘይት፣ ለከንፈር 25 ግራም። ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ አንድ ጠብታ ጥለሽ እዪ፤ ከጠነከረ ዘይት፣ ከላላ ሰም ጨምሪ። ውሃ ያለበት ሎሽን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰም ብቻውን ዘይትና ውሃን አስማምቶ አይይዝም፣ በማግስቱ ይለያያሉ፤ ለዚህ የተዘጋጀ ማዋሃጃ ያስፈልገዋል። ውሃ በገባበት ደግሞ ባክቴሪያና ሻጋታ ይገባል፣ ፍሪጅም አያድነውም። መከላከያ ሳታደርጊ ለሰው እንዳትሰጪ። ፌኖክሲኤታኖል የሚባለውን መከላከያ ካገኘሽ ከጠቅላላው 1 በመቶ አይለፍ፣ የምትጨምሪውም ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። እኔን ብትሰሚ ለጊዜው ውሃ አልባውን ብቻ ሥሪ። እሱም ቢሆን ንግድ ከሆነ ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ብዙ ደንበኛ ከመሰብሰብሽ በፊት ሄደሽ የሚፈለገውን ጠይቂ።

እጅሽ የሠራው ሳሙና ቤቴ ውስጥ ሲሸት ደስታዬን አልነግርሽም። ሥራውን ተዪ እያልኩሽ እንዳይመስልሽ፤ ጎበዝ ነሽ፣ እንደ አያትሽ ጣቶችሽ ያውቃሉ። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነሽ፣ ከላይም ከታችም ሰው አለ። ሰም ጥደሽ አትነሺ።

የቀለጠ ሰም ያለበትን ዕቃ ሲንክ ላይ አታጥቢ፤ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ የሥር ጎረቤትሽን ያጥለቀልቃል። ትኩስ እያለ በጋዜጣ ጥረጊው። የላክሁልሽ ሰም 2 ኪሎ ነው፣ በአልኮል ፈትኜዋለሁ። ያን የመርካቶውን ግን ቆዳ ላይ አታውዪው፣ ለሻማ አድርጊው። ትንሿን ሚዛን ከወንድምሽ ጋር መልሺልኝ፤ ያንቺው ባትሪው ነው እንጂ ያለቀው አልተበላሸም፣ ባትሪ ገዝቼ ከሰሙ ሥር አድርጌልሻለሁ።

እናትሽ