«አይዳ»ን ለማየት የሚሄድ ሰው ለሦስተኛው ገቢር ይዘጋጅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የኦፔራ ቤቶች የመጪውን ወቅት መርሐ ግብር ባወጡ ቁጥር ስለ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቬርዲ ኦፔራ ስለ «አይዳ» የሚጻፈው ግብፃውያን ኢትዮጵያን ድል አድርገው የሚሰለፉበት ትዕይንትና የመድረኩ ግዝፈት ነው። ጣሊያንና አካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያንም ትኬት የሚቆርጡት ይህንኑ አንብበው ነው። ሰልፉ ግን በሁለተኛው ገቢር ያልቃል። እኛን በቅርብ የሚነካው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስለሆነ፣ ለሚሄዱ አንባቢዎች ይህን እንድታትሙልን እንጠይቃለን።

ሦስተኛው ገቢር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሌሊት፣ የዓባይ ዳር። ቫዮሊኖቹ ማፈኛ ተደርጎባቸው አንዲት ድምፅ ብቻ፣ ሶል የምትባለውን፣ ከላይ እስከ ታች ይደጋግማሉ፤ በዚያ ላይ ፍሉት (ዋሽንት መሰሏ መሣሪያ) ብቻዋን ትገባለች። የረጋ ውሃ ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያለውን ጸጥታ ነው የምትሰሙት። ከዚያ የተማረከችው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አይዳ፣ አገሬን ዳግም አላያትም ብላ ታንጎራጉራለች። መጨረሻው አካባቢ አይዳን የምትዘፍነው ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ላይኛው ዶ ወደሚባለው ከፍ ያለ ድምፅ መውጣት አለባት፤ ቬርዲ የጻፈው ደግሞ በለስላሳ ድምፅ እንድትወጣው ነው። ትንፋሿን ያልቆጠበች ዘፋኝ ወይ ትጮኸዋለች ወይ ድምጿ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ አባቷ አሞናስሮ ይመጣል። የግብፅ ጦር የሚሄድበትን መንገድ ከፍቅረኛዋ ከግብፁ የጦር አዛዥ ከራዳሜስ እንድታወጣጣለት፣ በመጀመሪያ የአገሯን ጫካ መዓዛ እያስታወሰ ያባብላታል፤ እምቢ ስትለው ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይጥላታል። ያኔ ከባሪቶኑ (አባቷን ከሚዘፍነው ወፍራም ድምፅ) ቁጣ በኋላ የእሷ ድምፅ እንዴት ዝቅ ብሎ፣ እየተቆራረጠ እንደሚመለስ አዳምጡ። የኦፔራው ልብ ያለው እዚያ ነው።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው የትኛዋ ናት? ራዳሜስ ለአይዳ አፉን ስቶ የሚነግራት የጦሩ መንገድ የናፓታ ገደል ነው፤ ናፓታ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለች ጥንታዊት የኩሽ ከተማ ናት። ሥራውን ያሠራው የግብፁ ከዲቭ (ገዥ) ኢስማኤል ግን ዓይኑን የጣለው በእኛ ላይ ነበር። «አይዳ» ካይሮ ላይ የታየው ታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. (ዲሴምበር 24 ቀን 1871 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የከዲቩ ጦር ቦጎስን (ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለውን የከረን አካባቢ) ያዘ። ኦፔራው አራት ዓመት ሳይሞላው ያው ጦር ጉንደት ላይ፣ ወራት ቆይቶም ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተሸነፈ። ይህን ያወቀ ሰው አሞናስሮን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። «አይዳ» ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ተጻፈ እየተባለ የሚደጋገመው ስህተት ነው፤ ቦዩ የተከፈተው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። ትርዒቱ የዘገየውም አልባሳቱና የመድረኩ ቁሳቁስ በጦርነት በተከበበችው ፓሪስ ተይዘው ስለቀሩ ነው።

ሰልፉንም አንንቀውም። ስድስቱን ረጃጅም ትራምፔቶች ልብ በሉ፦ ሦስቱ ላ ቤሞል፣ ሦስቱ ሲ በሚባሉት ድምፆች የተቃኙ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ሲቀበል ዜማው በአንድ ድምፅ ተኩል ከፍ ይላል፤ ሰውነት የሚወርረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ትኬቱ። ጣሊያን ውስጥ «አይዳ» በብዛት የሚታየው በቨሮና ከተማ አሬና ነው። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋ በጋውን ኦፔራ የሚቀርብበት የሮማውያን ክብ ቲያትር ነው፤ የጀመረውም በዚሁ በ«አይዳ» ነው። ርካሹ ቦታ የድንጋይ ደረጃው ነው፤ ቦታ ስትመርጡ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ ያለውን ያዙ። ጎን ላይ የተቀመጠ ሰው የመድረኩ ክፍል ሊሸፈንበት ይችላል፤ የዘፋኞቹም ድምፅ ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥር ይጠፋበታል። ወፍራም መቀመጫ ትራስ ያዙ፤ ያለዚያ ሦስተኛው ገቢር ሲደርስ ጀርባ ስለሚያም ማዳመጥ ያቅታል። ዝናብ ከመጣ ኦርኬስትራው መሣሪያውን ይዞ ይገባል። ትርዒቱ ከተጀመረ በኋላ ከተቋረጠ ገንዘብ አይመለስምና ሰማዩን አይታችሁ ቀን ምረጡ። በቤት ውስጥ ቲያትሮች ደግሞ የሎጅ (ግድግዳው ላይ ያሉት ትንንሽ የተመልካች ክፍሎች) ትኬት ስትገዙ የፊተኛውን ወንበር ጠይቁ፤ ከኋላ ያለው መድረኩን በግማሽ ብቻ ነው የሚያየው።

የዘፋኞችን ስም ከቀኑ ጋር አመሳክሩ፤ በአንድ ወቅት ውስጥ አይዳን የሚዘፍኑት ይቀያየራሉ። የዝግጅቱንም ፎቶግራፍ አስቀድማችሁ እዩ። በ2022 እ.ኤ.አ. ቨሮና ላይ የአይዳ ፊት በጥቁር ቀለም ተቀብቶ በመቅረቡ አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጅል ብሉ እዚያው ልትዘፍን ከነበረው «ላ ትራቪያታ» ራሷን አግልላለች። ልጆች ይዞ የሚሄድ ወላጅ ይህን ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

አትዘግዩ። ራዳሜስን የሚዘፍነው የቴኖሩ (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው) ትልቁ ዘፈን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ያለው። ሙዚቃው ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ ከዕረፍቱ ጋር ቨሮና ላይ ከእኩለ ሌሊት ያልፋል። ብዙ ሰው ባቡር እንዳያመልጠው ከሦስተኛው ገቢር በፊት ይወጣል። ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር
ከቦሎኛ የምንጽፍ አንባቢዎቻችሁ