እታለም፣ ገና አልተቀመጥሁም

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ያ የጉልበትሽ ነገርስ? እኔ ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። «ደህና» ስል በእኛ ዕድሜ ደህና የሚባለውን ማለቴ ነው፤ ጠዋት ስነሳ የሚያመኝን ከመቁጠር የማያመኝን መቁጠር ይቀለኛል።

ስለ ዝምታችን ብዙ አላወራም። መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲቋረጥ፣ ኀዘኑ ሲደራረብ ጊዜው ነጎደ። ማን ለማን ቀድሞ መጻፍ ነበረበት የሚለውን ክርክር ለወጣቶች እንተውላቸው፤ እነሱ ለኩርፊያ የሚሆን ጊዜ አላቸው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣችው የእህትሽ ልጅ ይዛው የመጣችው ወሬ ነው። «እትዬ ከቤት አትወጣም። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እሷ ግድግዳ ታያለች። ሰው ሲጠይቃት ‹እኔ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ቆቤን አድርጌ ሞቴን መጠበቅ ነው› ትላለች» አለችኝ። መጀመሪያ ሆዴ ባባ። ቀጥሎ ተናደድሁ። እኔ ደግሞ ብዕር የምይዘው ስናደድ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እርጅና ጸጋ ነው ብዬ ልሰብክሽ አይደለም። እንዲያ የሚሰብኩት አብዛኞቹ ገና ጎልማሶች ናቸው። እርጅና ያማል፤ ሰውነትን ብቻ ሳይሆን ክብርንም ይነካል። አንድ የባጃጅ ሹፌር «እማማ፣ ቀስ ብለው ይውጡ» ሲለኝ የትኛዋን አሮጊት እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዬ ዞሬያለሁ። የልጆችሽ አባት ካረፉ ወዲህ ደግሞ ያንቺ ኀዘን ከእኔ ይብሳል። የሙት ዓመት ተዝካር ሲወጣ ሰዉ «በቃ፣ ከእንግዲህ እንባ አያስፈልግም» ይላል፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን ግን ሰዉ አይደለም የሚያድርበት። አልቅሺ። የሚከለክልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።

እኔን ያስጨነቀኝ ለቅሶሽ አይደለም፤ መቀመጥሽ ነው።

ልጆቻችን ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚያስቀምጠን ፍቅራቸው ነው። ልጄ ከባሕር ዳር ስትመጣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የቡና መቁያውን ከእጄ ትቀማለች። «እማዬ፣ አንቺ በቃሽ፤ ተቀመጪ»። ሠራተኛ ቀጠረችልኝ። ሠራተኛዋ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፤ እኔ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ሶፋ ላይ ሆኜ «አቦል ይምጣልሽ?» እባላለሁ። ሕጉ በስልሳ ዓመታችን ከጥቁር ሰሌዳ አነሳን፤ እሺ፣ ሕግ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ከጓዳ አነሱን። ከዚያ በኋላ የቀረን ቦታ የቱ ነው? እኔን እርጅና ራሱ ያን ያህል አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ ማንም «ነይና ይህን ሥሪልኝ» የሚለኝ ማጣቴ ነው።

ሐኪሙም አግዞኛል። በዕድሜ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ቁጭ ካሉ ደግሞ ፈጥኖ ይሟሽሻል፤ መውደቅም የዳሌ ስብራትም ከዚያ ይከተላል አለኝ። ይህንን ለልጄ ነገርኋትና ተስማማን፦ ውኃ መቅዳትና ከባድ ነገር ማንሳት የሠራተኛዋ፣ ቡናው የእኔ።

አሁን ደግሞ የሚያስቅሽን ልንገርሽ። ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። በእድራችን ስብሰባ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሰው ሲያዝን አዝናለሁ፣ ወደ እኔ ከዞሩ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ በዚህ ብልሃት ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። አንድ እሑድ ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። እንደ ልማዴ ነቀነቅሁ። አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ለካ የእድሩ ገንዘብ ያዥ አድርገው መርጠውኝ ኖሯል!

መልሼ አልቀበልም ማለት አፈርሁ። ገንዘብ ያዥ ደግሞ «ሃምሳ» እና «ሃያ» ሲባል መለየት አለባት፤ ስለዚህ የግዴን ወደ ሐኪም ሄድሁ። ግማሹ ችግር የጆሮ ኩክ ነበር፤ አወጡልኝ። የቀረው የዕድሜ ነው። በዕድሜ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፉት እንደ ሰ፣ ፈ፣ ተ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው አለኝ ሐኪሙ፤ ሰው አፉን ሞልቶ የማይናገር የሚመስለን ለዚህ ነው። እኔ የዛሬ ልጆች አጉረምራሚ ሆኑ ብዬ ስንቱን አማሁ! ልጄ የመስሚያ መሣሪያ ገዛችልኝ። መጀመሪያ ሰሞን የገዛ ነጠላዬ ኮሽታ እንኳ ያስደነግጠኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። እሷው ናት አንብባ የነገረችኝ፦ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት፣ የመርሳት በሽታን ከሚያመጡና ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 ምክንያቶች መካከል የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የዓይን ድካም፣ ድብርትና ከሰው መነጠል ይገኙበታል። ጆሮው የደከመ ከሰው ይርቃል፤ ከሰው የራቀ አእምሮው ሥራ ይፈታል። ያንቺ ጆሮ እንዴት ነው? ቴሌቪዥኑን ትተሽ ግድግዳ የምታዪው ስለማትሰሚው እንዳይሆን!

ገንዘብ ያዥነቱ አወጣኝ። ድንኳኑ ተቀዶ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ብረት ድስቱ ከማን ቤት ቀርቶ እንደሆነ የምጠይቅ እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ቀድሜ እገኛለሁ። እውነት ነው፣ በመዝገቡ ላይ የእኛ ዘመን ሰዎች ስም ላይ መስመር ሲሰመር እጄ ይንቀጠቀጣል። ብቻዬን ቤት ሆኜ ከምሰማው ግን ከሰው ጋር ሆኜ ብቀብራቸው ይሻለኛል።

በክረምት ኮርስ ያስተማሩንን የሥነ ልቦና ሊቁን የኤሪክ ኤሪክሰንን ስምንት የሰው ልጅ የዕድገት ደረጃዎች ታስታውሻለሽ? ለፈተና ሸምድደን፣ ስምንተኛውን «የሽማግሌዎች ነው» ብለን ሳናጠናው ገባን፤ ደግነቱ አልመጣም። እነሆ ዛሬ መጣ። በዚያ ደረጃ ሰው ዞሮ ሕይወቱን ያያል፤ ወይ «ይሁን፣ የእኔው ነው» ብሎ ይቀበለዋል፣ ወይ ጊዜው አለፈብኝ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ኤሪክሰን በ1994 እ.ኤ.አ. በ91 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ጆአን ዘጠነኛ ደረጃ ጨመረችበት፤ ያኔ እሷም ከዘጠና ዓመት አልፋ ነበር። ሰውነት በጣም ሲደክም በልጅነት የተሻገርናቸው ፈተናዎች፣ ሰውን ማመን፣ በራስ መቆም፣ ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ አለች። ይህን የምታውቀው የኖረችበት ናት፤ ባሏ በዚያ ዕድሜ የሚሆነውን በጎልማሳነቱ ገምቶ ነበር የጻፈው። እኔ የምጨምረው ካለ፣ ሕይወትን ዞሮ ማየት ለብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም። ብቻሽን ስታስቢው የሚታይሽ የጎደለው ብቻ ነው፤ ለሰው ስትተርኪው ግን የሞላውም ይወጣል።

የቆቡን ነገር ልመልስ። ጥሪው ከእግዚአብሔር ከሆነ እኔ ማን ነኝና እከለክልሻለሁ? በአገራችን ስንቷ እናት ልጆቿን ድራ፣ ቆቧን አድርጋ፣ በጸሎትና በሰላም ኖራለች። ተቀይሜያለሁ፣ ማንም አይፈልገኝም ብለሽ የምታደርጊው ከሆነ ግን እሱ ምንኩስና ሳይሆን ኩርፊያ ነው። ደግሞስ ቆብ መቀመጫ ነው ያለሽ ማን ነው? እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ በእኛው በጎጃም ምድር ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶቹ ሁሉ ቅኔ ያስተማሩ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም፣ የእንዶዳሙ ልጅ፣ ስማቸውን ያስጠራውን ልቦለድ ሲያሳትሙ ሃምሳን አልፈው ነበር፤ ሰማንያን ከተሻገሩ በኋላም ጽፈዋል። እኔና አንቺ እንደ እነሱ እንሁን አላልኩም። ዕድሜን ምክንያት ያላደረገ ሰው በሠፈራችን ነበር ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ስሚኝ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብም ከተመላለሰብሽ፣ ለልጆችሽ ንገሪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ድብርት የእርጅና ጠባይ አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ጠበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ አይጣሉም።

ይኸውልሽ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ገና ወጣቶች ሳለን፣ በማሾ ብርሃን እናቶቻችን የሚሆኑትን ፊደል ስናስቆጥር ትዝ ይልሻል? «ልጄ፣ ዛሬ ነገ አፈር ለምገባ ምን ያደርግልኛል?» ላሉሽ ሴትዮ «እማማ፣ እስከዚያው ስምዎን ይጻፉ» ብለሽ መለስሽላቸው። ከእኔ አጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ያኔ ከዘመቻው ተደብቃ ያመለጠች ናት፤ ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ዘንድሮ የዓይኗን ሞራ አስወጥታ ዓለም ሲበራላት «አሁን አስተምሪኝ» ብላ መጣች። ስልኳ ላይ የልጆቿን ስም ማንበብ ስለማትችል፣ አንዷን ስትፈልግ ሌላው እየተደወለበት ተቸግራለች።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ላይ እናጠናለን። በቃሏ ከምታውቀው ልጀምር ብዬ «አባታችን ሆይ»ን በትልቁ ጻፍሁላት። ጣቷን ከቃሉ ሥር አስቀምጣ ትጀምራለች፤ አፏ ግን ከጣቷ ይቀድማል። ጣቷ «በሰማያት» ላይ ቆሞ እሷ «የዕለት እንጀራችንን» ትላለች። ጣቷን ይዤ እመልሰዋለሁ። «ይቺ ማን ናት?» እላታለሁ። ታፈጣለች፤ ለ እና ሰ አሁንም ይምታቱባታል። ባለፈው ግን ያለ እኔ እርዳታ «መንግሥት» የምትለዋን ቃል ከመሃል ለቅማ አወጣችና ጀበናው ሊገነፍል እያለ ሁለታችንም ረሳነው።

ችግሬ ፊደል ገበታው ነው። ገበያ ላይ ያለው የሕፃናት ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ሆኖ ለእሷ አይታይም፣ ሥዕሉም ያናድዳታል። «ዝ፣ ዝንጀሮ» ስላት «በዚህ ዕድሜዬ በዝንጀሮ ልማር?» ብላ ገበታውን ገፋችው። እውነቷን ነው። የእኔ እጅ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ መስመር አይጠብቅም። አንቺ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ ዲሬክተሩ ሳይቀር ቆሞ ያይ እንደነበር አልረሳሁም።

ስለዚህ ገበታውን አንቺ ሥሪልኝ። 33ቱን ፊደላት እስከ ሰባተኛው ድረስ ስትጽፊ 231 ይሆናል፤ አንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለምና አትቸኩይ። ወፍራም ወረቀት፣ ጥቁር ማርከር፤ ፊደሉ ከአውራ ጣት ይብለጥ። ለእያንዳንዱ ፊደል ምሳሌ የሚሆነውን ቃል ራስሽ ምረጪ፤ ትልቅ ሰው የማያፍርበት ይሁን፣ ጀበና፣ ሰንበቴ፣ ቀበሌ፣ ጡረታ የመሳሰለው። ለ «ዝ» ምን እንደምታደርጊ አንቺ ታውቂያለሽ። የእህትሽ ልጅ ከገና በፊት ወደዚህ ትመለሳለች፤ በእሷ ላኪው፣ እንዳይታጠፍ ጠቅልላ ትያዘው። ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ገበታ እንደሚመጣላት ነግሬያት በየቀኑ «ደረሰ ወይ?» እያለች ነው።

ደግሞም ቁጥሮቹን እንዳትረሺ፤ የግእዙንም የተለመደውንም።

የድሮዋ የሥራ ባልደረባሽ፣
ያሁኗ የእድር ገንዘብ ያዥ